«ትንሽ ትንሽ እፈራለሁ»

«አሁንስ ትፈሪያለሽ?» አለች እህቷ በስልኩ።

ዳዶ በአባቷ ጋራዥ ጓሮ፣ ትንሿ ሞተሯ ላይ እንደተቀመጠች ነበር። እዚያ የተደረደሩትን ባዶ በርሜሎች በአንድ እጇ ብቻ መሪውን ይዛ ዞራቸው ገና መቆሟ ነው። ዳዶ የሚለውን ስም ያወጣችላት እህቷ ናት፤ ልጅ ሆና ኪሷ ከዳዶና ከብሎን ተለይቶ አያውቅም ነበር።

«ትንሽ ትንሽ እፈራለሁ» አለች።

«በይ ስሚኝ። ስትዞሪ ጎማውን አትይው። የምታይው መሄጃሽን ነው።»

ይህን ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ቢሆንም ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። እህቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ከገባች ወዲህ የቀራት ይህ የእሁድ ግማሽ ሰዓት ነው። ከአባታቸው ጋር እንደሆነ ወሬው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው? በይ እንግዲህ» ይላል፣ አለቀ። የማትፈራ ከሆነች የእሷም ተራ እንደዚያው ሊሆን ነው። የፈራ ሰው ቢያንስ ይመከራል።

ከሁለት ዓመት በፊት ከዚችው ሞተር ወድቃ ጉልበቷ ሲላጥ «ሁለተኛ አልነካትም» ብላ ነበር። ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት የፊት እግሮች አጫጭር ስለሆኑ ሞተሯ ቅብጥብጥ ነበረች፤ መሪውን ገና ሲነኩት ይታጠፋል። እህቷ ግን የራሷን ትልቅ ሞተር ረጃጅም እግሮች ፈትታ ለትንሿ ገጠመችላት፤ የትንሿን አጫጭሮች ለራሷ ወሰደች። ሞዴላቸው ቢለያይም ውፍረታቸው እኩል ነው። የትንሿ ፊት ከፍ ሲል እግሮቹ ወደ ፊት ጋደል አሉ፤ ያቺ ቅብጥብጥ ሞተር ሰክና ቀጥ ብላ የምትሄድ ሆነች።

«ፍርሃትሽ እስኪለቅሽ ያዣቸው። ከዚያ ትመልሽልኛለሽ» አለቻት፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች።

ፍርሃቱ የለቀቃት አምና ነው።

«ሐሙስ ወድቄልሽ ነበር» አለች እህቷ አሁን ስልኩን ልትዘጋ ስትል። «አልተሰበርኩም፣ እጄ ነው የታሰረው። አስፋልት ላይ ፈጠን ስል መሪው ተንቀጠቀጠብኝ። ግዴለም፣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። አንቺ ብቻ ተረጋጊ።»

ዳዶ «እሺ» አለች። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮዋ ላይ ነበር።

አባቷ ካርቡራተር ሲያጥብ አገኘችው።

«አባዬ፣ አጭር እግር ትልቅ ሞተር ላይ ሲገባ ምን ይሆናል?»

«ፊቷ ይደፋል። መሪው ይቀላል፣ ፍጥነት ላይ ደግሞ ያብዳል» አለ ቀና ሳይል። «ለእህትሽ ነግሬያታለሁ። እግሮቹን መልሼ ብወስድ የልጅቷ ፍርሃት ይብሳል አለችኝ።»

«ወድቃለች። እጇ ታስሯል።»

ያኔ ቀና አለ።

«አንቺ እኮ በአንድ እጅ ነው የምትዞሪው። ከመስኮቱ አይሻለሁ። ለምን እንደማትነግሪያት ነው ያልገባኝ።»

«ከነገርኳትማ ምን ብላ ትደውላለች?» አለች ዳዶ። «ናፍቃኛለች፣ አባዬ።»

አባቷ ብሩሹን ቤንዚኑ ውስጥ ነክሮ ተወው። «እኔም እሱን አላውቅበትም» አለ። «ደህና ነሽ እላታለሁ፣ ከዚያ የምለው ይጠፋብኛል።»

ዳዶ ሞተሯን ሳጥን ላይ አስደግፋ የፊት ጎማውን አወጣች። ብሎኖቹን አላልታ ሁለቱን ረጃጅም እግሮች አንድ በአንድ ሳበቻቸው። ግራሷቸውን ጠርጋ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለለቻቸውና ስልኳን አነሳች።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ። በአንድ እሁድ ሁለት ጊዜ ተደዋውለው አያውቁም።

«አልፈራም። ከአምና ጀምሮ አልፈራም፣ ዋሽቼሽ ነው። እግሮችሽን ፈትቻቸዋለሁ፣ ነገ እልካቸዋለሁ። እስኪደርሱሽ ያቺን ሞተር እንዳትነጂ።»



«ከአምና ጀምሮ?» አለች እህቷ። «እና ያን ሁሉ ምክር...»

«እሁድ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።»

ዳዶ መልሱን አልጠበቀችም። ስልኩን ለአባቷ ሰጠችው። እሱ ሁለቱንም እጁን ጠርጎ ተቀበለ።

«ደህና ነሽ?» አለ። «ሥራ እንዴት ነው?»

ከዚያ የሚለው ጠፋበት። ዳዶን አያት። እሷ ሌላ ሳጥን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በሹክሹክታ «እጇን ጠይቃት» አለችው።