እርስዎ የተባልንበት ጠዋት

ያን ዕለት ጠዋት የከተማዋ በሮች በሙሉ ሰው ማክበር ጀመሩ። አውቶቡሱ ለተሳፋሪው ሁሉ "ይግቡ" አለ። ፋርማሲው "ምን ልርዳዎት?" አለ። ሳሪስ አካባቢ አንድ አሳንሰር ለሕንፃው የጽዳት ሠራተኛ "እርስዎ ይቅደሙ" ብሏት፣ የሚቀለድባት መስሏት ባልዲዋን ይዛ ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ወጣች። እስከ ሁለት ሰዓት አራት ሺህ ቅሬታ ገባ።

በሮቹም፣ አውቶቡሶቹም፣ ፋርማሲዎቹም የሚናገሩት በአንድ ድምፅ ነው። ሕዝቡ አንደበት ይለዋል፤ ከተማዋን የሚያናግርና የሚያዳምጥ የማሽን አእምሮ ነው። ከተዘረጋ ሃያ ዓመት ስላለፈው በር ሲያናግረው የሚደነግጥ ሰው የለም። የዛሬው ድንጋጤ አንደበት ሁሉንም እኩል ማናገሩ ነበር።

"ውሻዬን ሳይቀር 'ይቀመጡ' አላት እኮ" አሉ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አቶ ስንሻው፣ እየሳቁ። "አርዬ፣ ቶሎ በይና አስተካክይልኝ። ስንት ትልልቅ ሰው ከጥበቃው እኩል ተጠራሁ ብሎ አብዷል።"

አርየት ኦቻን ገርጂ ተወልዳ ያደገች የአንደበት ባለሙያ ናት። ወላጆቿ ከጋምቤላ የመጡ አኙዋኮች ናቸው። አቶ ስንሻው ስድስት ዓመት አብረዋት ሠርተው ዛሬም እንግዳ ሲመጣ "አማርኛዋን ስሟት እስቲ!" እያሉ ያስተዋውቋታል። ያሞገሷት ይመስላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሷንም ያደከማት ይኸው ነው። ከክፉ ሰው ጋር ቢሆን ተጣልቶ መገላገል ይቻል ነበር።

ሥራ ልትጀምር ስትል የእጅ አምባሯ ነዘራት። ከሆስፒታል የመጣ መልእክት ነው፦ "አባትዎ ሦስተኛ ተራ ላይ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።"

ሁለቴ አነበበችው። ትናንት አርባ አንደኛ ነበሩ። የአባቷ ልብ ደም በወጉ መርጨት ካቃተው ስምንት ወር ሆኖታል፤ ሐኪሙ ይህን ወር መሻገራቸውን እንደሚጠራጠር ለብቻዋ ነግሯታል። ደስ አላት። ቀጥሎ ግን ባለሙያነቷ መጣባት። በአንድ ጠዋት ሠላሳ ስምንት ሰው እንዴት ይታለፋል?

ብልሽቱን ለማግኘት ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። የተጫነው ማሻሻያ ክብር-ልክ የሚባለውን መዝገብ ከአንደበት ቆርጦታል። ክብር-ልክ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የሚሰጥ ከዜሮ እስከ መቶ የሆነ ቁጥር ነው፤ ከአርባ በታች ያለው አንተ ወይም አንቺ ይባላል፣ ከዚያ በላይ ያለው እርስዎ። ይህን አርየት ታውቅ ነበር። የማታውቀው ቁጥሩ ከሰላምታ አልፎ የት እንደሚሄድ ነው። ሆስፒታሉ አንድ ሰው "አመመኝ" ሲል ምን ያህል እንደሚያምነው የሚወስነው በዚሁ ቁጥር ነበር። መዝገቡ ሲቆረጥ ሰው ሁሉ መቶ ሆነ። የአባቷም ሕመም በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ሕመም ተባለ።

የቀድሞ ቁጥራቸውን ፈለገች። ሃያ ሁለት ይላል።

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ሃያ ሁለት!

ቁጥሩ የተሰላባቸውን የድምፅ ቅጂዎች ከፈተች። "ሄሎ፣ ማይ ፍሬንድ!" ይላል አንድ ባለሱቅ፤ አባቷ በአማርኛ መለሱለት። "ጥበቃው አንተ ነህ? በሩን ክፈትልኝ" ትላለች አንዲት ሴት፣ አባቷ በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ደጃፍ። "ከየት አገር ነው የመጣኸው?" ይላል ሌላው። "ከዚሁ ነኝ።" "እሱማ ገባኝ፤ ዋናውን አገርህን ነው የጠየቅኩህ።" ከእያንዳንዱ ቅጂ ሥር አንድ ዓይነት መስመር ተጽፏል፦ ሰባት ሰከንድ ተጠብቋል፤ ተቃውሞ የለም፤ አነጋገሩ ትክክል ነው።

አርየት ቅጂውን አቆመችው። አንደበትን የሰው መልክ እንዲመዝን ማንም አላዘዘውም። ሰው ሰውን ሲያናግር ይሰማል፣ ከዚያ ሰባት ሰከንድ ይጠብቃል። በቦታው ካሉት አንዱ "ኧረ ነውር ነው" ካለ ይታረማል፤ ሁሉም ዝም ካለ ይማራል። በቅጂዎቹ ውስጥ ወረፋ የያዙ ሰዎች ሳልና የከረጢታቸው ኮሽታ ይሰማል። የአባቷም አጭር ሳቅ ይሰማል። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና እጃቸውን ይዛ በየሱቁ ስትዞር የሰማችው፣ ያኔ አባቷን በጣም ደስተኛ ሰው ያስመሰለባት ሳቅ ነው። አሁን ስትሰማው አለቀሰች።

አቶ ስንሻውን ጠርታ አሳየቻቸው።

"እዚህ ውስጥ የቆዳ ቀለም የሚል ነገር አለ?" አሉ።

"የለም።"

"አየሽ!"

"መጻፍ አላስፈለገውም፣ አቶ ስንሻው። ከሰዉ ነው የተማረው።"

"አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደዚያ ትወስጂዋለሽ። አንቺን ማን እንደዚያ ያይሻል? እንደኛው ነሽ እኮ!" ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "በይ መዝገቡን መልሺው። ከተማው እየጠበቀን ነው።"

"እሺ" አለች።

እሺ ብላ አልሠራችም። መልእክት እንዳያዘናጋት አምባሯን አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ቀኑን ሙሉ አንድ መስመር እየጻፈች አንድ መስመር ስትሰርዝ ዋለች። አቶ ስንሻው ብቅ ሲሉ "አስቸጋሪ ነው" ትላቸዋለች፤ ያምኗታል። ዘጠኝ ሰዓት ሞላ። ሩብ ሰዓት ጨመረች። አባቷ በእርግጠኝነት ገብተዋል ብላ ስታስብ መዝገቡን መልሳ ቀጠለችው። ስንት የሌላ ሰው አባት አብሮ ወደ ኋላ እንደሚመለስ ታውቃለች። አፈረች፤ ግን እሱን ለነገ አቆየችውና ወጥታ ሮጠች።

የሆስፒታሉ በር "ግቢ" አላት።

አባቷ በመጠበቂያ አዳራሹ፣ እንደ ወትሮው፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

"አባዬ! ለምን አልገባህም?" አንተ የምትላቸው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ በቤታቸው የፍቅር ቃል ነው።

"የት ነው የምገባው?"

"ቀዶ ሕክምናው! ሦስተኛ ነበርክ እኮ!"

"እሱን ነው እንዴ?" ፈገግ አሉ። "ጠዋት 'እርስዎ ሦስተኛ ነዎት፣ ይዘጋጁ' ሲል ሰማሁ። ዞር ስል ከኋላዬ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ተሳስተሃል፣ እርስዎ የምትላቸው እሳቸው ይሆናሉ፣ እኔ አርባ አንደኛ ነኝ አልኩት።"

"እሱስ ምን አለ?"

"'ቃልዎን ሙሉ በሙሉ አምናለሁ' አለና ወዲያው አስተካከለው። ዛሬስ በጣም ትሑት ነበር፤ ምን ነካው?"

አመመኝ ሲሉት ስምንት ወር ያላመናቸውን ማሽን፣ ያሉትን ሁሉ ባመነበት በአንዲት ቀን፣ እኔ አይደለሁም አሉት።

ከጣሪያው ድምፁ መጣ። "አንተ፣ ኦቻን። ወንበሩ ለሌላ ታካሚ ይፈለጋል። ተነስና ወደ ኋላ ሂድ።"

አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ያህል ሰው አለ። አርየት ሳታስበው ሰከንዶቹን ቆጠረች። አንድ ሰው ሳለ። አንዲት ሴት ከረጢቷን አስተካከለች። አራት ላይ ስትደርስ "ነውር ነው!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

"አንድ ተቃውሞ ተመዝግቧል" አለ አንደበት። "ሌላ አለ?"

እንደገና ሰባት ሰከንድ ጠበቀ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያያታል። የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ተሰማ፤ አባቷ እጅጌዋን እየጎተቱ ነበር።

"ተይ ልጄ" አሏት፣ ያንን ሳቅ እየሳቁ። "ሰው እያየን ነው።"

ኮፍያቸውን አነሱና ወንበሩን ለቀቁ።