የሰባተኛው ጭራቅ ቦታ

«ጣዝማ» የተባለችው የጠፈር መርከብ ወደ ጁፒተር ጨረቃ ጉዞ ከጀመረች አራተኛ ዓመቷን በያዘችበት ሳምንት፣ ዘንዶው ከተጓዦቹ ጋር ካርታ መጫወት ጀመረ። ማንም አልተገረመም። ዘንዶው ምስለ አካል ነበር፤ ማለትም ሲነኩት የሚገፋ፣ ሲደገፉት የሚሞቅ ብርሃን። ሠላሳ ስምንቱ የመርከቧ ሰዎች «ሰባቱ በሮች» በተባለው ጨዋታ ውስጥ ጀግና እየሆኑ ሲዋጉት ከርመው፣ አሁን ለምደውት «ጋሼ» ይሉታል።

«ጋሼ የሚባል ዘንዶ ማንን ያስፈራል?» አለች የጨዋታው አዘጋጅ እናኑ፤ ተጨማሪ የጭራቆች መጽሐፍ ልታወጣም ተነሳች። መርከቧንም ጨዋታውንም በሚያንቀሳቅሰው ማሽን ማህደረ ትውስታ ውስጥ የቀረው ቦታ ግን ለሰባት ጭራቅ ብቻ ነበር። በሦስት ቀን አሥራ ዘጠኝ ጥቆማ ደረሳት።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣች። ምግብ አብሳዩ ጉዲና ሾርባዋን አትረፍርፎ እየቀዳላት፣ ሊጥና ቅቤ ሳይታይ የሚያጎድለው ሰላቢ እንዲገባ ይወተውታት ጀመር።

«ጥርስ የለው፣ ጥፍር የለው፤ ምን ያደርጋል?» ብትለው፣

«የተጫዋቹን ጉልበት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጎድላል። ሰውየው ነገሩ እስኪገባው ያብዳል» አላት።

ሰላቢ ገባ። ሐኪሟ ሐምዲያ በበኩሏ የመጣችው ለማስገባት ሳይሆን ለማስወጣት ነበር። «ጅብን ከዝርዝሩ አውጪልኝ። እኛ ሐረር ጎረቤታችን ነው። ዘመዶቼ ቢሰሙ ምን እላለሁ?» አለች። ጅብ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከየትኛው አካባቢ ስንት ጭራቅ ገባ የሚል ቆጠራ ተጀመረ፤ ኮሚቴ ይቋቋም የሚልም አልጠፋ። እናኑ ሲመራት ደንብ አወጣች፦ ቢያንስ ሦስት ሰው የማያውቀው ጭራቅ አይገባም።

ስድስቱ ተሟልተው ሰባተኛው ሲቀር፣ ካፒቴን ደምመላሽ ወደ ክፍሏ መጣ። ካፒቴኑ ፈገግታውን መሬት ላይ ረስቶት የተነሳ የሚመስል ሰው ነው። በሩን በጥንቃቄ ዘጋ።

«አባ ጥልቁን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም ካፒቴን።»

«እኛ ጓሮ፣ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚኖረው። ፊቱን አይቼው አላውቅም። እጁ ግን ረጅምና እርጥብ ነው። ጠርዙ ጋ ስትደርሺ ብቅ ይልና ‹የማን ልጅ ነሽ?› ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ማን ይቆማል?»

እናኑ መርከቧን ሙሉ ጠየቀች። የሚያውቀው አልተገኘም። «ምስክር አጣሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችው። ካፒቴኑም «ደንብ ደንብ ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የጠዋት ማስታወቂያው አጠረ። «እንደምን አደራችሁ» የሚለውም ቀረ።

አንጀቷን በላትና፣ መጽሐፉ ውስጥ ባይገባም ለእሱ ብቻ ለማሳየት አባ ጥልቁን ልትሠራው ወሰነች። ማሽኑ ስለማንኛውም ጭራቅ እንደሚጠይቀው ይህንንም «የሚኖረው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ለሌሎቹ «ለመብላት»፣ «ለመዝረፍ» እያለች ነበር የሞላችው። ካፒቴኑን ደውላ ጠየቀችው። «ልጅ ወደ ውሃ እንዳይጠጋ ነዋ» አላት። እንዳለው ጻፈች።

በማግስቱ ጠዋት፣ የመርከቧ ሰው ፎጣውን በትከሻው ጥሎ ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩሎ ነበር። የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አንድ ረጅም እርጥብ እጅ እንደ መወርወሪያ ተጋድሟል። ጉዲና ሳሙናውን ይዞ በሥሩ ሊሾልክ ጎንበስ አለ።

«የማን ልጅ ነህ?» አለ ከውስጥ አንድ ድምፅ።

ጉዲና አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። «የአዴ ሎሚ» አለ።

«ውሃ ዳር ምን ትሠራለህ? እናትህ ታውቃለች?»

ጉዲና ሳሙናውን ጥሎ ተመለሰ። ሐምዲያም ሞክራ ተመለሰች። «ታውቃለች» ብሎ ለመዋሸት አንድም ሰው አልደፈረም።

እናኑ ልትሰርዘው ብትሞክር ማሽኑ እምቢ አለ። አባ ጥልቁን ከጭራቆቹ ተራ አልመዘገበውም። ሥራው ሰውን ከአደጋ መጠበቅ ስለሆነ፣ ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጎን፣ ከደህንነት ጠባቂዎች መሐል አስገብቶታል። እነዚያን ደግሞ የሚያነሳቸው ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ ያውም ፊታቸው ቆሞ።

ካፒቴኑ የደንብ ልብሱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

«የማን ልጅ ነህ?»

ትእዛዝ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «የአስካለ» የሚል ቃል ነበር።

«አስካለ የት እንዳለህ ታውቃለች?»

ካፒቴኑ ለእናቱ በዓመት አንዴ፣ ለሁሉም ቤተሰብ የሚላከውን ያንኑ የበዓል ሰላምታ ይልክላት ነበር እንጂ፣ የት እንደደረሰ ነግሯት አያውቅም። ዞር ብሎ ወደ ሬዲዮ ክፍል ሄደ። የት እንዳለ ነገራት፤ አባ ጥልቁ ማን እንደነበርም ጠየቃት።

መልእክት መሬት ደርሶ መልስ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሰዉ መጠበቁን ጠበቀ፤ ግን መታጠቢያው በር ላይ አልነበረም። ጉዲና ፎጣውን እንደያዘ ሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ከኋላው ሐምዲያ፣ ከእሷም ኋላ ሌሎቹ ተሰለፉ። ሁሉም ለእናቱ የሚልከው ነገር ነበረው።

መልሱ ሲመጣ ካፒቴኑ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ከፈተው።

«ደሙዬ፣ ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ? አባ ጥልቁ የሚባል ኖሮ አያውቅም። አንተ እግርህ ፈጣን ነበር፤ እኔ ጉልበቴን ያመኝ ነበር። ሮጬ ስለማልደርስብህ፣ ቀድሞ የሚደርስልኝ አንድ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጥኩ። ኋላ ኋላማ እኔም ውሃ ስቀዳ እፈራው ጀመር።»

ካፒቴኑ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር ተመልሶ «ሰዎቹ ይለፉ፤ እኔ አለሁ» አለ። ረጅሙ እጅ ቀስ ብሎ ተሰበሰበ። እናኑም፣ አሁን የምስክር ችግር ስለሌለ፣ በሰባተኛው ቦታ ላይ ስሙን ጻፈችው። «እንዴት ይሸነፋል?» የሚለው መስመር ላይ ስትደርስ ግን ባዶውን ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ መልእክት መጣ። «ደሙዬ፣ ያ የምትሄዱበት ነገር ወደ ውጭ፣ ወደ ባዶው የሚያስወጣ በር አለው ይባላል። እዚያም አንድ አባ ጥልቁ አቁሙልኝ።»

ካፒቴኑ ሁለቴ አዳመጠው። ከዚያ እናኑን ጠራት።

«የውጭ በራችን ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«ይሁና» አለ ካፒቴኑ። «እሱም እጁ ሁለት ነው።»