ዋስትናው አራት ነው

ቀጭኑ ሰውዬ ከአስተርጓሚዋ ጠረጴዛ ስር ተንበርክኮ የኢንተርኔት ገመዱን የሚፈትሽ መሰለ። ከመሣሪያ ቦርሳው የጓሮውን በር ቁልፍ አውጥቶ ከአስተርጓሚዋ ጫማ አጠገብ አኖረው። ወዲያው ረገጠችው።

«ስልክሽ አንዴ ጮሆ ሲዘጋ ተነሺ» አላት በሹክሹክታ። «እንዳትሮጪ። የካሜራው ምስል ድርቅ ስለሚል ማንም አያይሽም።»

«ድርቅ ባይልስ?»

«ይላል። ስትወጪ ወደ ኢንተርኔት ድርጅቱ የአቤቱታ ስልክ ደውለሽ አመስግኚ። ወዴት እንደምትሄጂ ግን ለእኔም አትንገሪኝ።»

ዋናው በር ላይ የቆመው ጠባቂ ጨረስክ ወይ አለው። መስመሩ ደህና ነው ብሎት ወጣ።

በስለላ ቢሮው አጠራር እሱ «ቀጭኑ»፣ እሷ «እህት» ነበረች። የቀጭኑ አለቃ ደግሞ «አጎት»። እህት የጦር መሣሪያ ነጋዴውን ደብዳቤዎች ስትተረጉም ለማን ምን እንደሚሸጥ በድብቅ ትገለብጥ ነበር። ከተጠረጠረች ወዲህ ከህንጻው መውጣት ተከልክላለች። ከእሷ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ለጥያቄ ተፈልገሃል ተብሎ ሄዶ በዚያው ቀርቷል።

የጓሮውን በር የሚጠብቀው ካሜራ ብቻ ነው። ካሜራውን የሚያዩት ዘበኞች ደግሞ ሌላ ሰፈር ተቀምጠው በኢንተርኔት ነው። ነጋዴው በጠመንጃ ሀብታም ቢሆንም እጁ አይፈታም። የገዛው መስመር ዋስትናው፣ ማለትም ድርጅቱ ሁልጊዜ ሊሰጠው የሚገደደው ፍጥነት፣ አራት ሜጋ ነው። ጎረቤቶቹ መስመሩን ካልተጠቀሙበት እስከ አርባ ያገኛል። እነሱ ሲገቡበት ትርፉ ተነጥቆ አራቱ ብቻ ይቀረዋል። እሱ ግን አርባውን የራሱ አድርጎ ቆጥሮ ካሜራዎቹን ሁሉ በትርፉ ላይ ሰቀላቸው። ጎረቤት ቢሮዎች ሥራ በበዛባቸው ቁጥር ምስሉ ድርቅ ይላል። ዘበኞቹ መጀመሪያ ሰሞን መሣሪያ ወድረው ይሮጡ ነበር። አሁን ለምደውታል። የኢንተርኔት ድርጅቱን ሰድበው ይጠብቃሉ።

ገመድ ቢቆረጥ ይጠረጥራሉ። ድርቅ ማለቱን ግን ማንም ከጉዳይ አይጥፈውም። የቀጭኑ ዕቅድ ይኸው ነበር።

በኢንተርኔት ድርጅቱ ውስጥ ቴክኒሻን መስሎ ከተቀጠረ ሰንብቷል። አጠገቡ የሚቀመጠው አንጋፋው ቴክኒሻን ጋሼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምሳውን እያካፈለው ነው የኖረው። ቀጭኑ ከነጋዴው ህንጻ እንደተመለሰ ከሱ ጎን ተቀመጠና ለሙከራ በሚል ሰበብ የጋራውን መስመር ጢም አድርጎ ሞላው። የጎረቤቶቹ ፍጥነት ወረደ።

የነጋዴው ንቅንቅ አላለም።

አርባ።

ዋስትናውን ከፍቶ አየው። እዚያም አርባ ተጽፏል። ጋሼን ሲጠይቀው፣ ደንበኛው ጠዋት አጣድፎ እንዳስጨመረ ነገረው። ሰውዬው ገና ዛሬ ነቃ ብሎም ሳቀ።

ምስሉ ድርቅ የሚልበትን ሰዓት ለምን እንደሚፈልገው ከእህት ሌላ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ራሱ ነው። ኮሪደር ወጥቶ ለሌላው ደወለ።

«ነጋዴው ከእኛ ጋር ሊሠራ ተስማማ» አለ አጎት። «እሷን ጠየቀን፤ ሰጠነው። የደበቀችውን ይዛ ስትወጣ እጅ ከፍንጅ ይይዛታል።»

«የእኛ ሰው እኮ ናት።»

«ነበረች። አሁን ደውልላትና ትውጣ።»

ሲመለስ ጋሼ እጁን ሊታጠብ ተነስቷል። ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትቶታል። ዋስትና መቀየር የሚቻለው በጋሼ ፈቃድ ብቻ ነው፤ የሚመዘገበውም በጋሼ ስም ነው። ቀጭኑ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አርባውን አጥፍቶ አራት ጻፈ።

የጋራው መስመር አሁንም ጢም እንዳለ ነውና የነጋዴው መስመር ወረደ። ወደ እህት ደወለና አንዴ ሲጮህ ዘጋው።

ጋሼ ተመልሶ ምሳ ዕቃውን ከፈተና ግማሹን ወደ እሱ ገፋለት። ፊትህ አመድ መስሏል፣ ብላ እንጂ አለው። ቀጭኑ ጎረሰ።

የአቤቱታው ስልክ ጮኸ። ጋሼ አነሳው፤ አዳመጠ፤ ግራ እንደተጋባ አስቀመጠው።

«አንዲት ሴትዮ ናት። መስመሩ ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ ብላ ዘጋችው። ሊያመሰግን የሚደውል ደንበኛ ገና ዛሬ አየሁ።»

ወጥታለች። ቅጂውም አብሯት ወጥቷል። ቀጭኑ ደስ አለው፤ ደስታው ግን ብዙ አልቆየም።

የነጋዴው ሰዎች ሲመጡ ምሳ ዕቃው ገና አልተከደነም። መታወቂያ አላሳዩም። ለውጡ በስሙ የተመዘገበውን ሰው ፈለጉ። ጋሼ እኔ ነኝ ብሎ ተነሳ። ዋስትናውን ለምን እንዳወረደ ሲጠይቁት አላወረድኩም አለ። ስክሪኑን ሲያሳዩት ስሙን ደጋግሞ አነበበው።

«ስህተት ነው፤ ይጣራል» አለና ወደ ቀጭኑ ዞረ። በዓይኑ ውስጥ ጥርጣሬ አልነበረም። «ልጄ፣ ለባለቤቴ ደውልልኝ። ትንሽ ያመሻል በላት።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን እሱ ከተያዘ እህትም ልትያዝ ትችላለች፤ ገና ሩቅ አልሄደችም። ደግሞም ፈርቷል። አጎት እውነቱን ያውቃል፤ የራሴ ሰው ከዳኝ ብሎ ለነጋዴው እንደማይናገር ግን የታወቀ ነው። ለጋሼ የሚመሰክር ማንም የለም።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ።

አውቶቡስ መናኸሪያ ደርሶ በሌላ ስም ትኬት ቆረጠ። ከዚያ ከአንድ ሱቅ ስልክ ለምኖ ለጋሼ ባለቤት ደወለ። ሴትየዋ ቶሎ አነሳች። ከጀርባዋ ሳህን ይንኳኳል።

«ዛሬ ያመሻል» አላት።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ማን ልበል?»

ስልኩን ዘግቶ ለባለሱቁ መለሰና ወደ አውቶቡሱ ወጣ።