መኪናው ቢቆም ኖሮ

«ሶያማ፣ አንቺ ተቃዋሚ ነሽ» አሏት ቲቸር ሕዝቅያስ፣ ሳይጠይቋት፣ ሳያመነቱ።

የዘጠነኛ ክፍሎች የክርክር ርዕስ «ሹፌር አልባ መኪና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነው። ትምህርት ቤቱ በከተማው በተነሳው ረብሻ ተዘግቶ ከተከፈተ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ቲቸር ርዕሱን የመረጡት ልጆቹን ለማነቃቃት ብለው እንጂ፣ እንዲህ ያለውን መኪና በስልክ ካልሆነ ቡራዩ ላይ ማን አይቶት!

«የሹፌር ልጅ አይደለሽ እንዴ! እንጀራችንን ሊቀሙን ነው ብለሽ ልክ አስገቢያቸው!» አለ ሞቲ ከኋላ።

ሶያማ ተነሳች። «ደጋፊ ልሁን፣ ቲቸር።»

ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ወርቅቱ ቀና ብላ አየቻት። ምን ልትል እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ናት።

እንዴት አይገባት! የሶያማ አባት ኦቦ ጃለታ በረብሻው ዕለት በሚኒባሳቸው ወደ ሆስፒታል ይዘው የበረሩት የወርቅቱን እናት ነበር፤ ምጥ ጠንቶባቸው። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል። ሌላ ሹፌር ቢሆን ይመለስ ነበር። እሳቸው ግን ወርደው «ማሎ ኢጆሌ፣ እባካችሁ ልጆቼ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኛለሁ» ብለው ለመኑ። ወጣቶቹም ድንጋዩን አብረዋቸው ማንሳት ጀመሩ። ተኩስ የተነሳው ያኔ ነው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ጥይት ኦቦ ጃለታን እዚያው አስቀራቸው። ሴትየዋን ረዳቱ ነድቶ አደረሳቸው፤ ወንድ ልጅ ተገላገሉ።

«ሹፌር አልባ መኪና ድንጋይ ሲያይ ይቆማል» አለች ሶያማ። «አይወርድም። አይለምንም። አባዬም...» ለሳምንታት ሆድ ይፍጀው ያለችው ነገር ገነፈለባት። «አባዬም ዛሬ ቤት ነበር! የሰው እናት ብትሞትም እኔ አባቴን ነው የምፈልገው!»

ማንም አላጨበጨበም። ወርቅቱ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

ሲለቀቁ ሶያማ ወርቅቱን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘቻት፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ወርቄ፣ እኔ...»

«ተይው። እኔም ብሆን እንደዛ ነበር የምለው» አለች ወርቅቱ። «እማዬ ልጁን ባጠባች ቁጥር ታለቅሳለች። ለቅሶ የመጣች ቀን እንኳ አንቺን ቀና ብላ ማየት አቃታት እኮ።»

«እናትሽ አሁን ቤት አሉ?» አለች ሶያማ።

«አለች።»

ሶያማ ወደ ሰፈሯ በሚያስገባው መታጠፊያ ሳትታጠፍ ከወርቅቱ ጋር ቀጠለች። ምን እንደምትላቸው ግን አታውቅም።