ያልተፈተገችው ቤሳ

ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሎሚ እንደማይገባ አራጋው ይመር ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ አስታወቀ። የሰማችው እህቱ ይመኙሻል ብቻ ናት። ሌላ ሰው በቤቱ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሟች አባታቸው አምስት የመዳብ ቤሳዎች መስኮት በሌለው ጓዳ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ዋጋቸው ዘመን ያለበሳቸው አረንጓዴ ዝገት ነው። በሎሚና በአመድ የተፈተገች ቤሳ እንደ አዲስ ታበራለች፤ የድሮ ዕቃ ገማች ግን የድስት ቁራጭ ያህል እንኳ አይቆጥራትም። ሽማግሌው ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። አራጋው እንሽጣቸው ባለ ቁጥር፣ "ከምትሸጣቸውስ በሎሚ ፈትጌ ከንቱ አደርጋቸዋለሁ" ይሉት ነበር። አርባቸው ከወጣ ሳምንት ሆነ፤ ገማቹም ዓርብ ይመጣሉ።

ሰኞ አንዷ ቤሳ አብርታ ተገኘች። ማክሰኞ ሁለተኛዋ።

አራጋው ጓጉንቸሩን ቀየረ፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ፤ የጮኸውን ያህል ጮኸ። "እጅሽን አምጪ" ብሎ የእህቱን መዳፍ አሸተተ። ሳሙና ሳሙና ይላል።

"ያንተንስ ማን አሸተተው?" አለችው።

በሩን በላይዋ ላይ ደርግሞ ወጣ። ግቢው ውስጥ ቆሞ አውራ ጣቱ ጥፍር ሥር አመድ አየ፤ በቢላዋ ጫፍ ፍቆ ጣለው፣ ለዚህም እሷኑ ረገማት።

ረቡዕ በቀትር፣ ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንጣጣችው፣ ከተቆለፈው ጓዳ ውስጥ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል የመፈተግ ድምፅ ሰማ፤ በመሐሉ አንድ ጊዜ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚመስል ቀጭ የሚል ነገር ነበረ፣ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፣ ከየት እንደሚያውቀው ግን ማስታወስ አልፈለገም። ሲከፍተው ጨለማና የሎሚ ሽታ ብቻ ጠበቀው። ሦስተኛዋ አብርታለች። ሐሙስ አራተኛዋ።

የቀረችው አባቱ ሲሞቱ በእጃቸው የነበረችው ናት። ዓርብ ጠዋት አውጥቶ በቀኝ እጁ ጨበጣት። ከዚህ ማን ይወስዳታል?

ገማቹ አቶ ሙክታር መጡ፤ አጉሊ መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ የጠየቁት የዕቃውን አመጣጥ ነው።

"አባባ በገዛ እጃቸው ነው የሰጡት" አለች ይመኙሻል፣ ቀና ሳትል። አራጋው ያስጠናት ልክ እንደዚህ ነበር።

"በሉ እስቲ ልያት።"

አራጋው ጭብጡን ወደ እሳቸው ዘረጋ። እጁ አልተከፈተም። ሳቅ አለ። በግራ እጁ ታገለው፣ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ታገለው፣ ጣቶቹን ሰደባቸው፤ ጭብጡ ግን ይብስ ጠበቀ፣ በጣቶቹም መሐል ቀጭን የሎሚ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለ።

ይመኙሻል ጠረጴዛውን በጨርቅ አበሰች።

"ከአውራ ጣቱ ይጀምሩ፣ አቶ ሙክታር" አለች ረጋ ብላ፤ "የአባባን እጅ ሲከፍትም መጀመሪያ የሰበረው እሱን ነው።"