ያልተቆረጠው ሪባን

እስቲ ንገሩኝ፤ ኦክስጅኑ ከበሩ ማዶ ቆሞ ሳለ ከበሩ ወዲህ ታፍና የሞተችን ነርስ ሞት ምን ትሉታላችሁ? የገጠሯ ከተማ የኩራጂን ሰዎች «አሳዛኝ አጋጣሚ» አሉት። የከተማዋ ፖሊስ ሳጅን ሜሪን ቱሂ ግን አጋጣሚ የሚባል ነገር አይዋጥላትም።

ነርስ አይልሳ ደን የተገኘችው ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በክሊኒኩ ኮሪደር፣ በአዲሱ የድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ነው። በስንዴ አጨዳ ወቅት አስም ይነሳባታል። የዚያን ቀን የአቧራው ማዕበል ሲመጣ ክሊኒኩ ለምሳ ተዘግቶ ብቻዋን ነበረች። ክፍሉን ያስገኘችው ራሷ ናት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማመልከቻ ጽፋ የመንግሥት ድጎማ አምጥታለች። ኦክስጅኑም መድኃኒቱም ወደዚያ የተዛወሩት ረቡዕ ሲሆን፣ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሚኒስትሩ መጥተው ሪባን ሊቆርጡ ቀጠሮ ነበር።

ሜሪን ተንበረከከች። ወለሉን አቧራ ለብሶታል። ከሟቿ ፊት አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ሶሉ ለስላሳ የሆነ የወንድ ጫማ ዱካ ታትሟል፤ በአፏ በኩል ያለው ጠርዙ ግን ተጠርጎ ጠፍቷል። በጥፍሯ ሥር አረንጓዴ ክር አለ። በበሩ ላይ የታሰረው ሪባን ቢጫ ነው፤ ቅንጣት አቧራ አልነካውም።

«ማን ገባ?»

«እኔ ብቻ» አለ ዶክተር ጋርዝ ፔሉ። በከባድ የእርሻ ቦቲው ላይ ደም ደርቋል፤ ከኮምባይነር ሥር ሰው ሲያወጣ አርፍዶ መምጣቱ ነው። «ትንፋሽ አልነበራትም። የውጭውን በር ቆልፌ ለእርስዎ ደወልኩ።»

የክሊኒኩ አስተዳዳሪ ሎርና ቪች በከተማው አዳራሽ ከአሥር ሴቶች ጋር ለምረቃው ሳንድዊች ስትቀባ ነበር ሜሪን የደረሰችው።

«የአዲሱ ክፍል ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ ይኸው አንገቴ ላይ። ከጧት ጀምሮ ከዚህ አልተነቃነቅኩም፤ እነዚህን ወሬኞች ጠይቂያቸው፣ ሽንት ቤት ስንቴ እንደሄድኩ ሳይቀር ይነግሩሻል።» ከዚያ ድምጿ ወረደ። «አይልሳ ደውላልኝ ነበር፣ ሜሪን። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ አልሰማሁም።»

«ለእሷስ ለምን ቁልፍ አልተሰጣትም?»

«ሊቀ መንበሩ ክሮክ ከለከለ። ከምረቃ በፊት መጠቀም በድጎማው ውል ክልክል ነው ብሎ። ውሉ የሚለው ሚኒስትሩን ጋብዙ ብቻ ነው። አይልሳ አንብባ ስታሳየው ‹አንቺ መርፌሽን ውጊ› አላት። ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ጋ ነው።»

«ሪባኑን ማን አሰረው?»

«እሷው፣ ዛሬ ጧት። አረንጓዴ፣ የኳስ ቡድናችን ቀለም።»

የወረዳው ምክር ቤት ሊቀ መንበር ዴዝመንድ ክሮክ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

«ከቤት ንቅንቅ አላልኩም። አስም ይገድላል፣ የኔ ልጅ። ዛሬ ሚኒስትሩ ካልተደሰቱ ሁለተኛው ዙር ድጎማ ቀረ፤ ሁለተኛ ሐኪም ቀረ። ስምንት መቶ ሰው ለአንድ ክትባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ይንዳ?»

«ምናልባት ክፍሉን ከፍታ ልትገባ ሞክራ ይሆን?»

«ኧረ ምን ልትሞክር። ቢጫው ሪባን እንዳለ አይደል እንዴ።»

ሜሪን ማስታወሻዋን ዘጋች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። የአይልሳ ባል ኮልም ከነሥራ ልብሱ ከፊት ተቀምጧል። ሚኒስትሩ ወሬው ደርሷቸው ከመንገድ ተመልሰዋል፤ ሳንድዊቹን የነካ የለም።

«አይልሳ አረንጓዴውን ሪባን ቦጭቃለች፤ ክሩ ጥፍሯ ሥር ነው» አለች ሜሪን። «በሩ ተቆልፎባት እዚያው ወደቀች። ቢጫው አቧራ ስለሌለበት፣ የታሰረው አቧራው ካረፈ በኋላ ነው። ያሰረው ሰው በክፍሉ ደጃፍ ቁልፍ ተከልክላ እንደሞተች እንዳይታወቅ የተቦጨቀውን ወሰደ። ቢጫውን ዶክተሩና እኔ ብቻ ነን ያየነው። አቶ ክሮክ፣ ከቤት ሳይወጡ ቀለሙን ከየት አወቁት? ዶክተሩ ቦቲ ነው ያደረገው። እርስዎ ያደረጉት ግን ሶሉ ለስላሳ ጫማ ነው።»

«ሞታ ነው ያገኘኋት» አለ ክሮክ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ለከተማው ስል ነው። ለሞተ ሰው በር ቢከፈት ምን ይጠቅማል?»

«የጫማዎን ዱካ ጠርዝ ከአፏ በኩል የጠረገው ትንፋሿ ነው። እርስዎ ከቆሙ በኋላ ተንፍሳለች። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ሆኖ፣ በሕይወት ባለች ሴት ላይ ተሻግረው ሪባን አሰሩ።»

ኮልም ቀስ ብሎ ተነሳ። የያዘው ሰው አልነበረም።

«ስድስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ደውላልዎታለች» አለች ሜሪን። «ሁለት ደቂቃ አውርታችኋል፤ ስልኳ ላይ አለ። ለእኔ ፖሊስ ጣቢያ ይነግሩኛል። ‹ለከተማው ስል› ያሉላት ከተማ ግን ይኸው ተቀምጣለች፤ ባሏም ይኸው። እዚሁ በሁሉም ፊት ይመልሱ፦ ትንፋሽ አጥሯት ምን ብላ ለመነችዎት? እርስዎስ ምን አሏት?»