የማይከብደው ድንጋይ

አባቴ ይስማው ብቸና ውስጥ የታወቀ ግንበኛ ነው። ጥቁር ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ስለሆነ ወገብ የማያጎብጥ ድንጋይ ድንጋይ አይመስለውም። ሊያገባኝ የሚፈልገው የሞጣው ሽታሁን ሞጆ አካባቢ ፑሚስ የሚሉትን ቀላል ድንጋይ እንደሚቆፍር ስነግረው ከንፈሩን ጣለ።

«ሕፃን የሚያነሣው ድንጋይ ምን ድንጋይ ነው? ደግሞስ ጉድጓድ ለሚውል ሰው ልጄን አልድርም።»

ሽታሁንን ያወቅሁት የተቀደደ ሱሪውን እንድሰፋለት ወደ ስፌት መኪናዬ መጥቶ ነው። ሱሪው ካለቀ በኋላም አልሄደም። በዓመቱ ለፋሲካ ሲመጣ ሥራውን አስረዳኝ። ነጩን ድንጋይ ድሮ እሳተ ገሞራ ነው የተፋው። መጀመሪያ የላዩ አፈር ይገፈፋል፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እንደ ደረጃ እየተቆረጠ ይወርዳል፤ በወንፊት ተነፍቶ ለብሎኬት ይጫናል። የቸኮሉት ግን ከሥር እየሰረሰሩ ያወጡታል። አንዳንዴ ታዲያ ከላይ ያለው ይናድባቸዋል።

«አንተስ ከላይ ነህ ከሥር?» አልኩት።

ዓይኑን ሰብሮ መሬት መሬት አየ። ከሥር እንደሆነ ገባኝ።

«ከላይ ጀምር። ቢዘገይም ከላይ።»

ዓይን ዓይኔን ሲያይ ቆየና እሺ አለኝ።

ክረምቱ ሲገባ ከሞጆ የተመለሰ አንድ የሞጣ ሰው ሽታሁን የሚሠራበት ጉድጓድ በሠራተኞች ላይ መናዱን አወራ። የሽታሁን ስልክ አይጠራም። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። አባቴ «ብዬ ነበር» ሊል አፉን ከፈተና ፊቴን ሲያይ ተወው።

በገበያ ቀን ሽታሁን ራሱ ከአውቶቡስ ወረደ። በግ የሚያህል ድንጋይ በአንድ ትከሻው ተሸክሟል። ገበያተኛው አፉን ይዞ መንገድ ለቀቀለት። አባቴ ከደጃፉ ብድግ አለ።

«አውርድ ልጄ፣ ወገብህን!»

አባቴ ሊያግዘው እግሩን አንፈራጦ፣ ትንፋሹን ውጦ ድንጋዩን ብድግ ሲያደርገው ከራሱ በላይ ሄደበት፤ ወደ ኋላ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከዚያም እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ሲናድ እኔ ከጫፉ ርቄ፣ ከላይ አፈር እየገፈፍኩ ነበር» አለ ሽታሁን። «ቀርፋፋ እያሉ ሲስቁብኝ ከርመዋል። ከላይ ጀምር ያለችኝ እሷ ናት።»

ከሥር የነበሩትን ቆፍረው በሕይወት አውጥተዋቸዋል፤ አንዱ ብቻ እግሩ ተሰብሯል። የሽታሁን ስልክ ከሥር ካኖረው ጃኬቱ ጋር እዚያው ተቀብሯል።

አባቴ ድንጋዩን እያገላበጠ አየው።

«በል ሽማግሌህን ላክ» አለ። «ይቺን ድንጋይ ግን እኔ ዘንድ ተዋት።»

ይሉኝታዬን ረሳሁ። ገበያው ሁሉ እያየ፣ ነጭ አቧራ ያልለቀቀው የሽታሁን አንገት ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። አባቴም ጨርሰን እስክንላቀቅ ዓይኑን ከድንጋዩ ላይ አላነሣም።